ከኬዝ ውስጥ የተገኘው ወረቀት

እንጅባራ ውስጥ የአስቻለውን ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ባለቤቱን በስም የማያውቁት እንኳ ኮምፒውተሩን ያውቁታል። የኬዙ፣ የብረት ሳጥኑ፣ ግራ ጎን ከተከፈተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ክዳኑ የት እንደገባ ራሱ አስቻለውም አያስታውስም። ከዚያ ከተከፈተው ጎን ሁለት ገመዶች ተጎትተው ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ይጋደማሉ። አንዱ ኤሌክትሪክ ያመጣል፤ አንዱ ፋይል ያመላልሳል። በገመዶቹ ጫፍ ደግሞ አራት ላይ የታጠፈች የአሮጌ ጋቢ ቁራጭ አለች። የታመመ ኮምፒውተር ሲመጣለት ሃርድ ዲስኩን ከሆዱ ያወጣና እዚያች ጋቢ ላይ ያስተኛዋል፤ ገመዶቹን ይሰካበታል፤ የሌላው ሰው ሃርድ ዲስክ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ እንዳለ አጥቶት አይደለም። ከባሕር ዳር ሁለት ጊዜ አስመጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም የእንጅባራ መብራት ሄድ መለስ እያለ አቃጠለበት። ከዚያ ወዲህ "የራሱን ሆድ ዕቃ ዘርግፌ ብሠራ ይሻለኛል" ብሎ ተወው። የሰፈሩ ወጣቶች ለኮምፒውተሩ "ሆደ ክፍቱ" የሚል ስም አወጡለት። ባለቤቱ ግን ሆደ ክፍት አልነበረም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣውም ከዚያ ነው።

አስቻለው የአዘና ልጅ ነው። ለትምህርት እንጅባራ እንደመጣ በዚያው ቀረ፤ መጀመሪያ በሰው ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፤ ቀጥሎ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቶ "የኮምፒውተር ጥገና፣ ጽሕፈትና ኅትመት" የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ከገጠር የሚመጣውን ሰው በአዊኛ ስለሚያናግረው ገበሬው ይወደዋል፤ ቃሉ አጭር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ባለ ቢሮውም ያከብረዋል። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ የድምፅ መቆጣጠሪያው ጋ ይቀመጣል፤ ሰባኪው ሲጮህ ዝቅ፣ ሽማግሌ ሲናገሩ ከፍ ያደርጋል። በዚህም የሚያማው ሰው አልነበረም።

ስሙን ያተረፈለት ግን ሌላ ነገር ነው። የዛሬ አሥር ዓመት አካባቢ በአንድ ሌላ ጥገና ቤት የአንዲት ልጅ ፎቶዎች ከኮምፒውተሯ ወጥተው በየስልኩ ዞሩ። ልጅቱ አገር ጥላ ሄደች፤ ጠጋኙም ብዙ ሳይቆይ ጠፋ። ያን ጊዜ አስቻለው በቀይ ቀለም በትልቁ ጽፎ፣ በላስቲክ አሽጎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፦ "የደንበኛ ፋይል አንከፍትም። አናስቀርም።" መምህሩም፣ ነርሷም፣ የእድር ዳኛውም ኮምፒውተራቸውን እየተሸከሙ ወደ እሱ መጡ። የእሱም እንጀራ ያቺ ወረቀት ሆነች።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ያስቀር ነበር። የሁሉንም ያስቀር ነበር።

በክፋት አልጀመረውም። ሱቁን በከፈተ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት መምህርት የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘ ኮምፒውተር አምጥታለት ነበር፤ ተሳስቶ ሁሉንም ፎርማት አድርጎ አጠፋው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ኮምፒውተር ከመንካቱ በፊት ሃርድ ዲስኩን ጋቢዋ ላይ አስተኝቶ፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ በራሱ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ሥራው ሲያልቅ ግልባጩን ማጥፋት ነበረበት። "ምናልባት አንድ ነገር ጎደለ ብለው ቢመለሱስ" እያለ ያሳድረዋል፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ዓመት ይሆናል። ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ ማስቀረት የለመደ እጅ ቀስ እያለ መክፈትም ለመደ። ዝናብ ሲይዘው፣ ሰው ሲጠፋ፣ አንዱን ፎልደር ይከፍትና ያያል። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ በአንዱም አልተጠቀመበትም። ግን ማን የፍቺ ማመልከቻ ጽፎ ሳያስገባ እንደቀረ ያውቃል፤ ማን ለዝውውር ስንት ጊዜ እንደለመነም ያውቃል። መንገድ ላይ "እንደምን ዋልክ አስቻለው" ሲሉት ዐይን ዐይናቸውን ሳያይ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ያልፋል። ሰው ጨዋነት ይመስለው ነበር። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ኀፍረት ነበር።

በጥቅምት አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ሽቱ በባጃጅ መጡ። በአንሶላ የተጠቀለለ ኬዝ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

እትዬ ሽቱ የአቶ ይሄነው ሚስት ናቸው። አቶ ይሄነው የሒሳብ መምህርና የአስቻለው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ካቻምና በድንገት አረፉ። ከስምንት ዓመት በፊት ከጎረቤታቸው ከአቶ እንግዳው ጋር በድንበር ተጣልተው ነበር። በሁለቱ ቤቶች ጓሮ መካከል አሥራ ሁለት እርምጃ የምትሆን ቁራጭ መሬት አለች። ሽማግሌ ገብቶ ድንበሩ በድንጋዩ ረድፍ ነው ተባለ፤ ውል ተጻፈ፤ ሁለቱም ጣታቸውን አተሙ፤ ተሳሳሙ። አቶ ይሄነው በቁራጯ ላይ ዲከረንስ ተከሉባት። አሁን ዛፉ ለከሰል ደርሷል።

ችግሩ አቶ እንግዳውም አርፈዋል። ልጃቸው ሽባባው ውሉ ሲፈረም ጫግኒ በእህል ንግድ ላይ ነበር፤ አባቱ ከመጣላታቸው በፊት የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቀው። "ድንበራችን እስከ ቦዩ ነው ብለውኛል" አለና ለሰኞ ቆራጮች ቀጠረ። ያስታረቁት ሽማግሌዎችም ሆኑ የውሉ ጸሐፊ በሕይወት የሉም፤ የአቶ እንግዳው ቅጂም አልተገኘም። የእትዬ ሽቱን ቅጂ ደግሞ አይጥ ከነሣጥኑ ፈጭቶታል።

"ጋሼህ ግን ስካን አድርጌዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ በዚህ ውስጥ ነው" አሉ እትዬ ሽቱ ኬዙን እየደባበሱ። "ነሐሴ ላይ ያ መብረቅ የመታን ጊዜ ጭሱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። እሑድ ከሰዓት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ልጄ። ለከርሞ መኖሪያዬ ያቺ ዛፍ ናት፤ ሌላ የለኝም።"

አስቻለው ኬዙን ፈታ፤ ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ጋቢዋ ላይ አስተኛው፤ ሁለቱን ገመዶች ሰካ፤ ኮምፒውተሩን አስነሣ። የእትዬ ሽቱ ሃርድ ዲስክ አንዴ ተንቀጠቀጠና ቀጭ አለ። ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ገመዱን ይነቅላል እንጂ አይጠብቅም።

"ምን ይላል?" አሉ እትዬ ሽቱ።

"ሞቷል፣ እትዬ።"

ይህ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ከሞተው ሃርድ ዲስክ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በተከፈተው የኬዝ ጎን፣ የአስቻለው ትልቁ ሃርድ ዲስክ ቁጭ ብሏል። በውስጡ "ጋሽ ይሄነው 2014" የሚል ፎልደር አለ። በዚያ ዓመት የጋሽ ይሄነው ኮምፒውተር መነሣት እምቢ ብሎ መጥቶ ነበር፤ እንደ ልማዱ ሁሉንም ገልብጦ አስቀርቷል። እትዬ ሽቱ ፊት ለፊት እያዩት ነው፤ ምን እንደሆነ አያውቁትም። ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

አስቻለው አፉን ከፈተ። "አለኝ" የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ቀና ሲል ግን ከእትዬ ሽቱ ራስ በላይ ቀዩ ጽሑፍ ታየው። አናስቀርም።

"ተዉልኝ እስቲ" አለ። "ምናልባት አንድ ነገር ይገኝ እንደሆነ... ልሞክር።"

"እጅህን ይባርከው። ይሄነው ሁልጊዜ ምን ይለኝ ነበር መሰለህ? የኮምፒውተር ነገር ከሆነ ከአስቻለው ሌላ ለማንም እንዳትሰጪ።"

ይህን ብለው ሄዱ። አስቻለው ሱቁን ከውስጥ ቆለፈ፤ የጋሽ ይሄነውን ፎልደር ከፈተ። ውሉ እዚያ ነበር፤ አልቸገረውም፤ የት እንዳለ ያውቃል። ከዚህ በፊት ከፍቶ አይቶታልና። ከውሉ ዝቅ ብሎ ያለውንም ደብዳቤ ያውቀዋል። ድሮ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች የድምፅ ክፍሉን ቁልፍ ለማን እንስጥ ብለው ሲከራከሩ ጋሽ ይሄነው የጻፉት ነው፦ "አስቻለው የሰው ዕቃ የማይነካ ልጅ ነው። ለእሱ ዋሱ እኔ ነኝ።" ይህን ደብዳቤ አስቻለው ያነበበው የሰው ዕቃ ነክቶ ነው። ጋሽ ይሄነው በሕይወት ሳሉ አመሰግናለሁ ሊላቸው ፈልጎ ነበር፤ ከየት አወቅህ ቢሉት ምን ሊል ነው? ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። ሆዱ ግን አልፈጀውም።

ፈሪ ሰው እውነቱን መናገር ሲያቅተው እውነቱን በጓሮ በር ለማስገባት ይሞክራል። አስቻለውም እንዲሁ አሰበ፦ ወረቀቱን ላድርስላቸው፤ የመጣበትን ግን ማንም አይወቅ። ውሉን አተመው። በአራት አጠፈው። ከዚያ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ በጣቱ ጠረገና አቧራውን በወረቀቱ ላይ አሸው። የእንጅባራ አቧራ የከሰል ትቢያ ያለበት ነው፤ ወረቀቱ በአንድ ጊዜ አረጀ። ዓርብ ደወለላቸው።

"እትዬ፣ ኬዙን ጨርሼ ስፈታው... ከፓወር ሰፕላዩ ሥር ተጣጥፎ አገኘሁት። ጋሼ ለክፉ ቀን ብለው ያስቀመጡት ይመስለኛል።"

እትዬ ሽቱ መጡ፤ ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙት፤ ከዚያም የአስቻለውን እጅ ይዘው ሳሙ። ያንን አቧራ ያሸበትን ጣት። እጁን ሊነጥቃቸው ፈልጎ አቃተው። ያን ቀን ከሱቅ አምሽቶ ገባ፤ ሚስቱ ኑኃሚን "ሥራ በዛብህ?" ብትለው "አዎ" አላት።

እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። እትዬ ሽቱ እንደሚነሡ አስቻለው አላሰበም ነበር፤ እሳቸው በሰው ፊት ቆመው የሚናገሩ ሴት አይደሉም። ግን ተነሡ። ወደ መድረኩ ሄደው ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ጌታ ይመስገን" ብለው ጀመሩ፤ ድምፃቸው አይሰማም። የኋላው ሰው ዞሮ ወደ አስቻለው ተመለከተ፤ ከፍ አድርገው ማለቱ ነው። አስቻለው እጁን ሰዶ ከፍ አደረገው።

"ኮምፒውተሩ ሞቷል አለኝ። እኔም አለቀስኩ። ጌታ ግን ባለቤቴ ሳይሞት በፊት በዚያ ብረት ሆድ ውስጥ ወረቀቱን አስቀምጦልኝ ነበር! ኬዙ ሲፈታ ተገኘ!"

"ሃሌሉያ!" አለ ሕዝቡ። አጨበጨቡ። አንዳንዱ ወደ አስቻለው ዞሮ ፈገግ አለ፤ ፓስተሩም "ወንድማችን አስቻለውንም ጌታ ይባርከው" አሉ። አስቻለው የራሱን ውሸት በሁለት ትላልቅ ስፒከር እያስጮኸ ተቀምጧል። ማይኩን ቢዘጋው ደስ ባለው፤ መብራት በሄደ። እንጅባራ ደግሞ ክፉ ልማድ አላት፣ መብራቱ መሄዱ በማይፈለግበት ሰዓት ይሄዳል እንጂ በሚፈለግበት ሰዓት አይሄድም። ስብሰባው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሰው የሚጸልይ መሰለው።

ከሰዓት በኋላ ኑኃሚን እትዬ ሽቱን ለማጀብ ወደ ጓሯቸው ሄደች፤ እሱ ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እየሮጠች ተመለሰች።

"ተነሥ!" አለችው በሩን ይዛ እያለከለከች። "እትዬ ሽቱን አታላይ እያሏቸው ነው። ውሉን አንተ ጋ ሄደው ያሠሩት ነው ተባለ። ይጠሩሃል።"

"እንዴት ተባለ?"

"ጋሽ ገበየሁ ናቸው። እኔ እንጃ፣ ወረቀቱን ከእድር ወረቀት ጋር እያስተያዩ... አንተ ከኬዙ ውስጥ ነው ያገኘኸው፤ አይደል?"

"አዎ" አለ። ሚስቱን እያየ።

በእግሩ ሄደ። መንገዱ ላይ ጭጋጉ ወርዶ ነበር። ዝናቡ ሳይጀምር ሽማግሌዎቹ ጨርሰው በተነሡ እያለ ተመኘ፤ ግን አልተነሡም። አምስት ሆነው ከድንጋዩ ረድፍ አጠገብ በአግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሽባባው በአንድ ወገን ቆሟል። እትዬ ሽቱ በሌላው ወገን መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለዋል። ጠዋት ያጨበጨቡላቸው ሴቶች ራቅ ብለው ይንሾካሾካሉ።

አቶ ገበየሁ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ወረቀት የማይጥሉ ሰው። ጉልበታቸው ላይ የላስቲክ ማኅደር አስቀምጠዋል። አስቻለውን ሲያዩ አልተቆጡም፤ እንደ መምህር አስረዱት እንጂ።

"ና ልጄ። ይህን ተመልከት። ይህ ያንተ ቤት ያተመልን የእድር ጥሪ ነው። በቀኙ ጠርዝ ቀጭን ጥቁር መስመር አለችው። ፕሪንተርህ ናት የምታሠምረው፤ እኛ ሁሉ ለምደናታል። መስመሯ የመጣችው ካለፈው ግንቦት ወዲህ ነው፤ የቀድሞዎቹ ይኸውና ንጹሕ ናቸው። እሷው መስመር በዚህ ውል ላይ አለች። ይሄነው ያረፈው ካቻምና ነው። የሞተ ሰው ዘንድሮ እንዴት ያሳትማል?" ወረቀቱን ገለጡት። "አቧራውም ከላይ ብቻ ነው። እጥፋቱ ውስጥ ነጭ ነው።"

"እኔ እትዬ ሽቱን እንደ እናቴ ነበር የማያቸው" አለ ሽባባው። የተናደደ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነው። "መሬቱ ይቅርብኝ፤ ግን የአባቴን ጣት ማስመሰል..."

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። አስቻለው መሬት ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ አየ። ወረቀቱን በድብቅ ሲያደርስላቸው በጣቱ ያሸው አቧራ አሁን እሳቸው ፊት ላይ ነው ያረፈው። ስሙን ሊያድን ብሎ የእሳቸውን ስም ጣለ። መሬቱ ቢቀር መሬት ነው፤ ሴትዮዋ ግን በስልሳ አምስት ዓመታቸው አታላይ ተብለው በዚህ ሰፈር እንዴት ይኖራሉ?

"እናንተ የወንጌል አማኞች እንደ እኛ አትምሉም፤ አውቃለሁ" አሉ አቶ ገበየሁ። "ስለዚህ አላስምልህም። አዎ ከሆነ አዎ፣ አይደለም ከሆነ አይደለም በለኝ፤ ያንተ አዎ ለእኛ ይበቃናል። ይህን ወረቀት ከኬዙ ውስጥ አግኝተኸዋል?"

አንድ ቃል ብቻ ነው የተፈለገው። አዎ ካለ ሰውየው ያምኑታል፤ አስቻለው ነውና ያምናሉ፤ መስመሯን እንኳ በሌላ ምክንያት ያስተባብሉለታል። ያ ነው ይበልጥ ያስፈራው።

"አይደለም" አለ።

ሴቶቹ ጉም ጉም አሉ። እትዬ ሽቱ ነጠላቸውን ከፊታቸው አነሡ።

"እሷ ናት ያሠራችህ?" አሉ አቶ ገበየሁ።

"አይደለም! እሳቸው ምንም አያውቁም። አቧራውንም ያሸሁት እኔ ነኝ። ውሉ እውነተኛ ነው፤ ከራሴ ሃርድ ዲስክ ነው ያተምኩት። ጋሽ ይሄነው ኮምፒውተራቸውን ሊያሠሩ የመጡ ጊዜ ፋይላቸውን ሁሉ ገልብጬ አስቀርቼ ነበር።"

አቶ ገበየሁ ማኅደራቸውን ቀስ ብለው ዘጉ። እሳቸውም ከአራት ዓመት በፊት ኮምፒውተራቸውን ለአስቻለው አምጥተው ነበር።

"የይሄነውን ብቻ ነው?"

"የሁላችሁንም" አለ አስቻለው። አንገቱን እንደደፋ ነው።

አቶ ገበየሁ ተነሡና "እንሂድ፤ በዐይናችን እንይ" አሉ። አምስቱ ሽማግሌዎች፣ ሽባባውና እትዬ ሽቱ ተከትለውት ሱቁ ገቡ፤ ጠባቧ ቤት ሞላች።

አስቻለው ትልቁን ሃርድ ዲስክ ከኬዙ ሆድ ፈታው። ሌላ ነገር ጨመረ እንዳይሉት ሁሉም ፊት አወጣው፤ ጋቢዋ ላይ አስተኛው፤ ሁለቱን ገመዶች ሰካበት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የራሱ ሃርድ ዲስክ እዚያች ጋቢ ላይ ሲተኛ ይህ መጀመሪያው ነው።

ስክሪኑ ላይ ፎልደሮቹ ወረዱ። ስም ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ስም ከነዓመተ ምሕረቱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የራሱን አገኘና ትንፋሹን ዋጠ። ሌላው የምራቱን ስም አየ። የነርሷ፣ የርእሰ መምህሩ፣ የፓስተሩ። "ገበየሁ 2013" የሚለው ሲደርስ አቶ ገበየሁ "እለፈው" አሉ በዝቅተኛ ድምፅ። አለፈው።

ውሉን ከፈተላቸው። ፋይሉ የተሠራበት ቀን ከስምንት ዓመት በፊት ነበር። ቀኑ ግን ለሽባባው ምንም አልነበረም፤ እሱ የሚያየው ሌላ ነው። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ከአባቱ ስም ሥር ያለችውን የአውራ ጣት አሻራ ተመለከታት። አሻራዋን አቋርጦ የሚያልፍ ነጭ ጭረት አለባት፤ አቶ እንግዳው በወጣትነታቸው ማጭድ የቆረጣቸው ጠባሳ ነው።

"የአባቴ ጣት ናት" አለ ሽባባው። ዞሮ የእትዬ ሽቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሳቸው ትከሻውን ይዘው አቃኑት። ሽማግሌዎቹ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አዲስ ውል ጻፉ፤ ሁለቱም ፈረሙ፤ ቆራጮቹም እንዲቀሩ ተባለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የዛሬውስ በአንድ ከሰዓት ጠራ።

ሲወጡ አስቻለውን የተሰናበተው የለም። አቶ ገበየሁ ብቻ በሩ ላይ ቆም አሉ። "ከእኔ ፋይል ምን እንዳየህ አልጠይቅህም" አሉት። "እንዳትነግረኝም።" ሄዱ።

እትዬ ሽቱ ቀሩ። ሐሙስ በተቀመጡባት ዱካ ላይ ተቀመጡ።

"ሐሙስ ዕለት እዚህ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ነበረህ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ዛሬ ጠዋት ማይኩን ስታስጮኽልኝም?"

"አዎ።"

ይቅርታ ሊል ፈለገ። እሳቸው ግን አልጠበቁትም።

"የይሄነውን በፍላሽ ገልብጠህ ስጠኝ። ከዚያ ካንተ ላይ አጥፋው። እያየሁ።"

ገለበጠላቸው። ከዚያ "ጋሽ ይሄነው 2014" የሚለውን ይዞ አጠፋው። አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እስኪሞላ ድረስ እትዬ ሽቱ ዐይናቸውን አልነቀሉም። ደብዳቤውም አብሮ ሄደ፤ ዋሱ እኔ ነኝ የሚለው።

"ጠፋ?"

"አዎ።"

"ሌላ ቦታ ያስቀረኸው የለም?"

"የለም፣ እትዬ። እውነቴን ነው።"

ፍላሿን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ተነሡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የደከማቸው ሰው ነበሩ።

"ይሄነው ቢኖር አዎ ስትለው ያምንህ ነበር" አሉ። "እኔ ግን ልጄ፣ አሁን አዎ ስትለኝ በምን ልወቅ?"

በሩን ቀስ ብለው ከፍተው ወጡ፤ ጋቢዋ ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ የሌሎቹን ፋይል እንደያዘ አሁንም ይዞራል።